ባሕር ላይ ተራራ የለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አብራሪዎች ባሕር እየቃኙ መርከብ ይደበድቡ እንደነበር አነበብኩ። ምልክት በሌለበት ውኃ ላይ መንገዱን በምን ያውቁት ነበር? እንዴትስ ሠለጠኑ?

መልስ፦ የሐይቅ ልጅ ሆነህ ይህን እኔን መጠየቅህ! በወጣትነቴ እዚያው እናንተ ሐይቅ ላይ በታንኳ ስንሻገር፣ ቀዛፊው ማዶ ወዳለው ዋርካ አላቀናም፤ ነፋሱ ወደሚመጣበት አዘንብሎ ቀዘፈ። «ስተሃል» ብለው ዝም አለኝ። የወረድነው ዋርካው ሥር ነው።

ትምህርታቸው ይኸው ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ፣ ካላረሙት፣ አውሮፕላኑን በአንድ ሰዓት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከመንገዱ ያወጣዋል፤ ከደሴ ሐይቅ ያለው መንገድ እጥፍ ማለት ነው። የብስ ላይ ቢሆን ተራራ አይቶ ይመለሳል። ባሕር ላይ ናቪጌተሩ፣ ማለትም የአውሮፕላኑን መንገድ የሚያሰላው ሰው፣ ቁልቁል የማዕበሉን አረፋ እያየ፣ ወደ ጎን ምን ያህል እንደተንሸራተተ ለክቶ፣ በኮምፓስ፣ በሰዓትና በእርሳስ ያሰላል። ሬዲዮ አለ፤ ግን ጠላት ይሰማል።

ከማሠልጠኛዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1940 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሲሎዝ ላይ ተከፈተ። ሀድሰን የሚባለው ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ተማሪ እንደያዘ ከባሕሩ እየገባ ስላስቸገረ፣ ውኃውን በካናዳው ወሽመጥ ስም «ሀድሰን ቤይ» እያሉ ቀለዱበት። እኔን አያስቀኝም፤ ብዙዎቹ ገና ለጋ ወጣቶች ነበሩ። ሰርጓጅ መርከብ ለመምታት ደግሞ 15 ሜትር ያህል ድረስ መውረድ ነበረባቸው። ውኃው ጸጥ ካለ ከፍታው ዓይንን ያታልላል። (እኛ ወሎዬዎች ቦምብ ጣይን ያወቅነው ከታች ሆነን ነው፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ።)

እርግብ ይዘው ይበርሩ እንደነበርስ ሰምተሃል? እ.ኤ.አ. በ1942 አንድ ቦፎርት አውሮፕላን ሰሜን ባሕር ላይ ወደቀ። ዊንኪ የምትባለው እርግብ ዘይት በነካው ላባዋ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በርራ ስኮትላንድ ካለው ቤቷ ገባች። መልእክት አልታሰረባትም። ከአየር ጣቢያው ግን አውሮፕላኑ የወደቀበትንና እርግቧ የደረሰችበትን ሰዓት ይዘው፣ ነፋሱን ጨምረው፣ ዘይቱ ምን ያህል እንዳዘገያት ገምተው ቦታውን አሰሉ። ሰዎቹ በሕይወት ተገኙ።