ሳንቲሞቹን በቅድሚያ ከለስላሳው ፕላስቲክ ያውጧቸው

ከአባትዎ የወረሷቸው ሰማንያ ያህል የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ለዓመታት በለስላሳ የፕላስቲክ አልበም ውስጥ እንደኖሩ ገልጸው፣ እዚያው ቢቆዩ ጉዳት እንዳለው፣ ካለውም የትኛው መያዣ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ጉዳይ ተሳስቼ ሳንቲሞች ስላበላሸሁ በዝርዝር እመልስልዎታለሁ።

አዲስ መያዣ ከመግዛትዎ በፊት አልበሙ የተሠራበትን ፕላስቲክ ይመርምሩ። ገጾቹ እንደ ልብ የሚተጣጠፉ ከሆኑና አልበሙ ሲከፈት የአዲስ መታጠቢያ ቤት መጋረጃ ዓይነት ሽታ ካለው፣ ፒቪሲ የሚባለው፣ ክሎሪን ያለበት የፕላስቲክ ዓይነት የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ፒቪሲ በራሱ ደረቅ ነገር ሲሆን የሚለሰልሰው ማለስለሻ ኬሚካል ተጨምሮበት ነው። ጊዜው በገፋ ቁጥር፣ በተለይም ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ፣ ማለስለሻው ከፕላስቲኩ እየወጣ በሳንቲሙ ላይ ያርፋል፤ ፕላስቲኩም ራሱ እየፈረሰ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቃል። አሲዱ መዳብን ሲያገኝ አረንጓዴና የሚያጣብቅ ሽፋን ይፈጠራል። አብዛኞቹ የብር ሳንቲሞች መዳብ የተቀላቀለባቸው በመሆናቸው እነርሱም ከዚህ አያመልጡም።

እኔ አሥራ አንድ የብር ሳንቲሞችን በእንደዚህ ያለ አልበም ውስጥ ስድስት ዓመት አስቀምጬ ነበር። አልበሙ ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ስለኖረ ምንም እንደማይነካቸው አምኜ ነበር። በከፈትኩት ጊዜ ያየሁት በስሱ የተቀባ ዘይት የሚመስል ጭጋግ ብቻ ስለነበረ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኩት፤ ይህም ሁለተኛው ስሕተቴ ሆነ፤ ምክንያቱም ጨርቁ በአጉሊ መነጽር የሚታዩ ጭረቶችን ጥሎ ሄደ። ከሳንቲሞቹ ስምንቱ በኋላ አሴቶን በሚባል ማሟሚያ ፈሳሽ ጠሩ። የቀሩት ሦስቱ ግን አሲዱ ገጻቸውን በልቶት ስለነበር ሽፋኑ ከለቀቀ በኋላም ፈዝዘውና ተቦርቡረው ቀሩ፤ ይህን ጉዳት የሚመልስ ምንም ዓይነት ዘዴ የለም።

ሽታው ብቻ ካላሳመነዎት የመዳብ ሽቦ እሳት ላይ ያግሉና፣ ነበልባሉ ቀለም መስጠቱን ሲያቆም ከአልበሙ ገጽ በተቆረጠች ቁራጭ ላይ ያስነኩት፤ ከዚያም መልሰው እሳቱ ውስጥ ሲያስገቡት ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ፕላስቲኩ ክሎሪን አለበት፣ ማለትም ፒቪሲ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጭሱ ጎጂ ስለሆነ ይህን ማድረግ የሚገባው አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታና ሳንቲሞቹ በሌሉበት ነው። አንዳንድ ሰዎች ቁራጩን ውኃ ውስጥ መጣል ይመርጣሉ። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን የሚባሉት ክሎሪን የሌለባቸው ፕላስቲኮች ይንሳፈፋሉ፣ ፒቪሲ ግን ይሰምጣል። ይሁን እንጂ ለሳንቲም ምንም ጉዳት የሌለው ማይላር የተባለው ግልጽ የፖሊስተር ፕላስቲክም የሚሰምጥ በመሆኑ፣ መስመጡን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ለእርስዎ ስብስብ የምመክረው ሁለት ዓይነት መያዣ ነው። ለአብዛኞቹ ሳንቲሞች የማይላር መስኮት ያለውና ወደ 5 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ጎን ያለው የካርቶን መያዣ ይበቃል። ርካሽ ነው፣ ሳንቲሙን በሁለቱም ወገን ያሳያል፣ በካርቶኑ ላይም ዓመቱንና የተገኘበትን መጻፍ ይቻላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የስቴፕለሩ ሽቦ ላይ ነው። ሽቦው ሳንቲሙን እንዳይነካ ራቅ ተደርጎ መመታት፣ ከኋላ የሚወጣው ጫፉም በፒንሳ ተደፍጥጦ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ጎን ለጎን የተቀመጠውን ሳንቲም ይጭራል። ሳንቲሙን ማውጣት ሲፈልጉ ደግሞ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳይነቅሉ ካርቶኑን ቀድደው ለመክፈት አይሞክሩ፤ እኔ ካየኋቸው ጭረቶች ብዙዎቹ የተፈጠሩት በዚያች ቅጽበት ነው።

ይበልጥ ለሚሳሱላቸው ሳንቲሞች ከአክሪሊክ ወይም ከፖሊስታይሪን የተሠራ ጠንካራ ካፕሱል (ሳንቲሙን ውስጡ ይዞ የሚዘጋ ክብ መያዣ) ይግዙ። ካፕሱል የሚሸጠው በሚሊ ሜትር ስለሆነ የእያንዳንዱን ሳንቲም ስፋት በካሊፐር (ስፋትን በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ይለኩ፤ የሰፋ ካፕሱል ውስጥ የገባ ሳንቲም እየተንገዳገደ ጠርዙን ይጎዳል። በውስጣቸው የስፖንጅ ቀለበት ያለባቸውም አሉ፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ጠርዙን የሚነካ ተጨማሪ ነገር ስለማልወድ ልክ የሆነውን እመርጣለሁ። ካፕሱል ተዘጋ ማለት ግን አየር ፈጽሞ አይገባም ማለት አይደለም።

ተራ የወረቀት ፖስታና የላስቲክ ማሰሪያ ድኝ ሊኖርባቸው ስለሚችል ብርን ያጠቁራሉ። ከኦክ እንጨት የተሠራ ሣጥንም አሴቲክ አሲድ ስለሚለቅ ሳንቲም አይቀመጥበትም። መያዣዎቹን በሚሰበስቡበት ሣጥን ውስጥ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ጄል ከረጢት ጨምረው የአየሩን እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ለማድረግ ይሞክሩ።

አሁን ያሉት ሳንቲሞች አዲሱ መያዣ እስኪመጣ መጠበቅ የለባቸውም። ዛሬውኑ ጠርዛቸውን ብቻ በመያዝ አውጥተው፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ ንጹሕ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይዘርጓቸው። የሚያጣብቅ ነገር ያለባቸውን ለይተው በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ባለ ንጹሕ አሴቶን ይንከሯቸው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሌላ ነገር ስለሚቀላቀልበት አይተካውም። አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ እሳት ባለበት ቤት አይክፈቱት፣ ሳንቲሙንም በምንም ነገር አይሹት። የመጀመሪያው አሴቶን ሲደፈርስ በአዲስ ቀይረው ያለቅልቁትና አየር ላይ እንዲደርቅ ይተዉት። ይህ ሳይደረግለት ወደ አዲሱ ካፕሱል የገባ ሳንቲም ላይ ግን የተረፈው ሽፋን ብረቱን መብላቱን እዚያው ይቀጥላል።