ከሐረጎ ዳገት እስከ ሳንሬሞ ዳርቻ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከወትሮው ይለያሉ። ከደሴ፣ ከወልዲያ፣ ከባቲና ከሐይቅ የጻፉልኝ ሰዎች ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ የሚያነሱት የሜዲትራኒያንን ዳርቻ የብስክሌት ጉዞ ነው። ዓምዱን በቅርብ መከታተል ለጀመራችሁ፣ የደሴ ሰኞ ገበያ ልጅ ነኝ። ጣሊያን ውስጥ ሊጉሪያ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ብስክሌተኞች ሲጓዙ ሻንጣቸውን ከሆቴል ሆቴል የሚያደርስ መኪና እነዳ ነበር፤ ኋላ ላይ እኔም ኮርቻ ላይ ወጥቼ እንግዶችን አስጎበኘሁ። ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ ብስክሌት እጠግናለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ጣሊያን፣ ጄኖቫ ከተማ የምትኖረው እህቴ «ነይና የባሕሩን ዳር በብስክሌት እንዞራለን» ብላ ጠርታኛለች። የዓመት ፈቃዴን በነሐሴ ልወስድ አስቤአለሁ። ብስክሌት የምነዳው ግን ቅዳሜና እሑድ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ብቻ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ወጥቼው አላውቅም። ጉልበቴ ያዛልቀኛል? ከየትስ እንጀምር? — ከደሴ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ያዛልቅሻል። ነሐሴን ግን እርሺው። በሐምሌና በነሐሴ የዚያ ዳርቻ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ እየወጣ ሰውን ያዝላል። ጣሊያኖች ኦገስት 15 ቀን የሚያከብሩት ትልቅ በዓል ስላለ አገር ምድሩ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ መንገዱ በመኪና ይጨናነቃል፣ የሆቴል ዋጋም ጣራ ይነካል። አለቃሽን ለምኚና ፈቃድሽን ወደ መስከረም አዙሪው። እንቁጣጣሽን ከቤተሰብ ጋር ዋይና ሂጂ። በዚያ ወቅት ፀሐዩ ይለዝባል፤ ባሕሩ ግን በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ ገና አልበረደም። ጥቅምት ከተጋመሰ ወዲያ ደግሞ ሊጉሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ የዋዛ አይደለም። ተራራው ከባሕሩ የተጣበቀ፣ ወንዞቹም አጫጭር ስለሆኑ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል።

መነሻችሁን ሳንሬሞ አድርጉት። ከጄኖቫ ወደ ምዕራብ በሚሄደው የክልል ባቡር ተሳፈሩ፤ የብስክሌት ምልክት ያለበትን ፉርጎ ምረጡ፣ ለብስክሌቱም ተጨማሪ ትኬት ቁረጡ። የሳንሬሞ ጣቢያ ከመሬት በታች ስለሆነ ብስክሌቱን በረጅም መተላለፊያ ውስጥ እየገፋችሁ ነው የምትወጡት፤ ቸኩላችሁ አትውረዱ። ከዚያ ስትወጡ የሚጠብቃችሁ የብስክሌት መንገድ የቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነው። ባቡሩ ባሕሩን እየታከከ ይሄድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 አዲሱ ሐዲድ ወደ ተራራው ውስጥ ሲገባ የድሮው መስመር ለብስክሌተኛና ለእግረኛ ተለቀቀ። ከሳን ሎሬንዞ አል ማሬ እስከ ኦስፔዳሌቲ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለባቡር ተብሎ የተደለደለ መንገድ ዳገት ስለማይበዛው ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የለመደ እግር አይቸገርበትም። መኪና አይገባበትም። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላ በኩል የወይራ ዛፍና የአበባ ማልሚያ ቤቶች ታያላችሁ። በሳንሬሞና በኦስፔዳሌቲ መካከል ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም ዋሻ አለ፤ መብራት አለው፣ ውስጡ ግን ከፀሐይ ለመጣ ላብ ያለበት ሰው ይቀዘቅዛል። ስስ ጃኬት ከወገብሽ አይጥፋ።

ሁለት ቀን እዚያው ላይ ከተንሸራሸራችሁ በኋላ ፖጆን ውጪ። ሳንሬሞ ራስጌ ላይ ያለ አቀበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 የተጀመረው የሚላኖ–ሳንሬሞ ውድድር ከ1960 ወዲህ የሚያልፍበት፣ ብዙ ጊዜም አሸናፊው የሚለይበት ቦታ ነው። ርዝመቱ 3.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን በ100 ሜትር አራት ሜትር የማይሞላ ነው ከፍታው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ ደሴ የሚገባ ሰው 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል፤ ፖጆ የዚያ ሩቡ ቢሆን ነው። ባለሙያዎቹ ፖጆን የሚያከብሩት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ከጋለቡ በኋላ በሙሉ ፍጥነት ስለሚወጡት ነው። አንቺ በጠዋት፣ ቁርስ በልተሽ፣ በዝግታ ትወጪዋለሽ።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ሐረጎን ጀምሪው። እሑድ ማለዳ፣ ተሳቢዎቹ ሳይበዙ ከኮምቦልቻ ተነሺና እስከቻልሽበት ድረስ ውጪ፤ ሲደክምሽ ተመለሺ። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ትጨምሪያለሽ። ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱን ተማሪ። ፍሬን የሚያዘው ከመጠምዘዣው በፊት ነው፤ መጠምዘዣው መሐል ላይ ጎማው መሬት መጨበጥ እንጂ ሌላ ሥራ ሊሰጠው አይገባም። ሁለቱንም ፍሬን እኩል ጨበጥ ለቀቅ እያደረግሽ፣ ክብደትሽን ወደ ኋላ ስበሽ፣ ዓይንሽ ጎማው ሥር ሳይሆን መንገዱ የሚሄድበትን እያየ። ሊጉሪያ ላይ ከድካም ይልቅ ቁልቁለት ነው ሰው የሚጎዳው። ልባቸው እስኪጠፋ ወጥተው ሲወርዱ የሚላላጡ እንግዶችን ክንድ አጥቤአለሁ፣ አስሬአለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እዚያ ስትወርጂ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳንባሽ ሙሉ ይሆናል፣ ዳገት ላይ ፈረንጆቹን ጥለሽ ትሄጃለሽ። ደስ ይላል፤ ግን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ትንፋሽሽ ሳይቆረጥ ሙቀቱ ይጥልሻል። ሳይጠማሽ ጠጪ፣ ውሃሽ ውስጥ ቆንጠር አድርገሽ ጨው ጨምሪ።

ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙት ሊጉሪያ ርኅሩኅ አገር ነው። ፋሪናታ የሚሉት ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውሃ፣ ከወይራ ዘይትና ከጨው የሚጋገር ስስ ቂጣ አላቸው፤ ጠርዙ ቆርቆር ያለ፣ በቁንዶ በርበሬ የሚበላ፣ ለሽሮ አገር ሰው ከመጀመሪያው ጉርሻ የሚስማማ ነው። የፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ ላይ ሶካ ይሉታል። በወይራ ዘይት የራሰው ፎካቻ ዳቦም ለጾም ይሆናል። ፔስቶ የተባለውን አረንጓዴ ማባያ ግን አይብ አለበትና በጾም ቀን አትንኪው።

እህትሽ ቺንኩዌ ቴሬ እንሂድ ማለቷ አይቀርም። ሂዱ፤ ብስክሌቱን ግን ጄኖቫ ተዉት። አምስቱ መንደሮች ገደል ላይ የተንጠለጠሉ፣ መንገዳቸው ደረጃ የሆነ ነው፤ የሚታዩት በባቡርና በእግር ነው። ይልቅ ጉልበት ከተረፋችሁ ከሳንሬሞ ወደ ፈረንሳይ ቀጥሉ። በቬንቲሚሊያ፣ በማንቶንና በሞናኮ በኩል እስከ ኒስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድንበሩ ላይ የፈረንሳይ ፖሊሶች ስለሚፈትሹ ፓስፖርትሽ ሆቴል እንዳይቀር፤ ከነቪዛው ኪስሽ ውስጥ ይሁን።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አንድ ሰው «የብስክሌት ጉብኝት ግብዣ አመጣልሃለሁ፣ በሁለት ሳምንት የአውሮፓ ቪዛ ይወጣል» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆኛል። ጓደኞቼ እየከፈሉ ነው። ምን ይመክሩኛል? — ከወልዲያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንድ ብር እንዳትሰጠው። ይህን የምልህ ሰውየውን አውቄው ሳይሆን አሠራሩን ስለማውቅ ነው። ሸንገን የሚባለው፣ የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ የአጭር ጉብኝት ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን የሚያስቆይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት የማመልከቻ መመልከቻው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። እንግዲህ በሁለት ሳምንት አወጣለሁ የሚል ሰው ከየት ነው የሚያወጣው? የጣት አሻራህን የምትሰጠው ራስህ በአካል ቀርበህ ነው፤ ክፍያው ከ2024 አጋማሽ ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ የጉዞ የሕክምና ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ይቀበላል። ብዙ ቀን የምትቆይበት አገር ኤምባሲ የሚጠይቀውን ዝርዝር ከኤምባሲው ራሱ ውሰድ።

ጓደኞችህንም ጥራቸው፣ ንገራቸው። እኔ የምወደው ያ ባሕር በሌላው ዳርቻው የአገራችንን ልጆች በልቷል። ደላላ የከፈተው በር ወዴት እንደሚያደርስ ሊቢያ ደርሰው የተመለሱ ልጆች አፍ ላይ ሰምቼአለሁ። በብስክሌት ጉብኝት ስም የሚሰበሰብ ገንዘብም ከዚያው ገበያ ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ። የባቲ ልጅ ነኝ፣ ሙቀት አያስፈራኝም። አሁን የምሠራው ባርሴሎና ነው። ዳገት የሚባለውን ዳገት ማየት እፈልጋለሁ። ደግሞስ ከኛ ሰው በዚህ ስፖርት ስሙ የተጠራ አለ? — ከባቲ፣ አሁን ስፔን

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም የባቲ ልጅ። ባርሴሎና ካለህ በመርከብ ወደ ማዮርካ ተሻገር። ትራሙንታና የሚባለው የደሴቲቱ ተራራ በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ አንተ ግን የምትሄደው ሳ ካሎብራ ለሚባለው መንገድ ነው። ይህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1932 አንቶኒዮ ፓሪየቲ በተባለ መሐንዲስ የተሠራ ሲሆን ባሕሩ ዳር ደርሶ ያበቃል። መውጫው መግቢያው ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ትወርዳለህ፣ ከዚያ 9.5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ100 ሜትር ሰባት ሜትር እየወጣህ ትመለሳለህ። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል። የጎብኚ አውቶቡሶች ረፋድ ላይ ስለሚሞሉት ጎሕ ሲቀድ ሥሩ ድረስ ወርደህ ተገኝ። የባቲ ሙቀት ደረቅ ነው፤ የደሴቲቱ እርጥበት ያለው ስለሆነ ላብህ አይደርቅልህም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሂድ፤ ያኔ ከመላው አውሮፓ ብስክሌተኛ ይጎርፋል።

ምግብ ላይ ተጠንቀቅ። ብስክሌተኞች ሁሉ ቡና ቤት የሚበሉት ኤንሳይማዳ የተባለ ጥምዝ ዳቦ በአሳማ ስብ የሚሠራ ነው፤ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ሶብራሳዳ የተባለው ቀይ ቋሊማም የአሳማ ነው። ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት፣ ዓሣ፣ ሩዝ ብላ።

ስማቸው የተጠሩትማ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1956፣ በእኛ 1949፣ በሜልቦርን ኦሎምፒክ የጎዳና ውድድር ገረመው ደምቦባ 24ኛ ወጥቷል። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2022 በጣሊያን ዙር፣ ከአድሪያቲክ ባሕር ብዙም በማትርቀው በየሲ ከተማ አሸነፈ፤ በ2024 ደግሞ ከቱር ደ ፍራንስ በነጥብ የሚመራ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ተመለሰ። የሱን ሥዕል ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሐይቅ ከተማ የምንኖር ወጣቶች ብስክሌቶች ገዝተን እንግዶችን በሐይቁ ዙሪያ ለማስጎብኘት ተደራጅተናል። እዚያ ከሠሩት ምን ልንወስድ እንችላለን? — ከሐይቅ

መልስ፦ ልጆቼ፣ ይህ ደብዳቤ ቀኑን ሙሉ ከእጄ አልወጣም። ሊጉሪያ ላይ እንግዳ የሚከፍለው ለባሕሩ ብቻ አይደለም፤ ባሕሩ በነጻ ነው። የሚከፍለው ሳይጨነቅ ለመዋሉ ነው። እኔ የምነዳት መኪና ሥራ ይኸው ነበር፦ እንግዳው ጀርባው ላይ ሸክም ሳይኖር ሲጋልብ፣ ማታ ክፍሉ ሲገባ ሻንጣው ቀድሞት ይጠብቀዋል። እናንተ መኪና ባይኖራችሁ አንድ ባጃጅ ተኮናተሩ። ውሃና የውስጥ ጎማ ይዛ፣ የደከመውንም አንስታ ትከተል። ከሐይቅ ወደ አርዲቦ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ መገንጠያዎች ላይ በቀለም የተጻፈ ቀስት አድርጉ፤ መንገድ የሚያሳይ ልጅ ገንዘብ እየጠየቀ አይከተል። ዋጋችሁን ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ፤ ለፈረንጅ ሌላ፣ ለደሴ ሰው ሌላ አይሁን።

ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ እንግዳው ከመክፈሉ በፊት ይወቅ። ባልና ሚስት መጥተው እሷ በር ላይ ስትመለስ የሚሰማትን አስቡት። ለሴቶቹ በዚያው ሰዓት ሌላ ነገር አዘጋጁ፤ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር በጀልባ ይውጡ፣ ዓሣው ሲጠበስ ይዩ።

የራስ ቁር የሌለው እንግዳ አይነሳ፤ ቢለምንም፣ ቢቆጣም። ፍሬን ደግሞ በየጠዋቱ በእጅ ይፈተሻል፣ በዓይን አይደለም። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ብስክሌቶቹን ጭናችሁ ኮምቦልቻ አምጧቸው። ሰንሰለቱን፣ ፍሬኑንና ማርሹን አብረን እንፈታለን፣ አብረን እንገጥማለን፤ መንገድ ላይ ራሳችሁ እንድትጠግኑት። ክፍያ አልጠይቃችሁም።