«ከማን ተማሩ?»

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ተማሪ ሐዋሳ ቤቴ ድረስ መጥታ የምሠራውን ሸክላ ስታይ ቆየችና «ያለ ማሽን፣ በእጅ ብቻ መሥራትን ከማን ተማሩ?» አለችኝ። «አዲስ አበባ፣ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት» አልኳት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰጠሁት መልስ ነው። ከሄደች በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

1984 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። አንድ ሆቴል በሩ ላይ የሚያቆማቸው አሥራ ሁለት ትልልቅ እንስራዎች አዘዘኝ። እኔ የለመድኩት ጭቃውን በሚያሽከረክር ማሽን ነው። እዚህ ማሽንም እቶንም የለኝም። በቱላ መንገድ ሸክላ የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ ሲሉኝ ሄድኩ።

«እማማ» ነበር የምላቸው። የሚናገሩት ሲዳምኛ ነው፤ ልጃቸው ታስተረጉምልኛለች። የተሰበረ ሸክላ፣ ገሉን፣ ወቅጠው ከጭቃው ጋር ይለውሱታል። ሲደርቅ አይሰነጠቅም፣ እሳትም ይችላል። ከዚያ ጭቃውን እንደ ገመድ አድቦልቡለው ይደራርባሉ። ማሽን ዕቃውን ያዞረዋል፤ እማማ ግን ጎንበስ ብለው ራሳቸው ዕቃውን ይዞሩታል። የታችኛው ጠንከር ሳይል ከላይ አይጨምሩም።

ገል ስል ልጅነቴ ትዝ አለኝ። እናቴ ለዕጣን የሚሆን ፍም ከጎረቤት እንዳመጣ የምትልከኝ ገል አስይዛ ነበር። ጣቴን ሳያቃጥለኝ እንዴት እንደምሮጥ!

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ አያባራም። ሆቴሉ ቸኩሏል። እማማ አንዱን እንስራ በጉንጫቸው ነኩና «ይቀዘቅዛል፤ ገና ውሃ አለው» አሉ። እኔ ግን እንተኩሰው ብዬ ገፋሁ። እንጨቱን የገዛሁት እኔ ነኝና አልተከራከሩኝም። ለገበያ ያዘጋጇቸውን ሃያ ጀበናዎችም አብረን ከመርን።

ውሃ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ወፍራም ግድግዳ ውስጥ የቀረ እርጥበት በእንፋሎት ሲወጠር መውጫ ያጣል። ይህን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፤ ድምፁን የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። አንዱ ፈነዳ፣ ቀጥሎ ሌላው። የእኔ ስብርባሪ የእማማን ጀበናዎች አንገት አንገታቸውን መታ። ሦስት ብቻ ተረፉ።

እማማ አልጮኹም። እሳቱ ሲበርድ ገሉን በማዳበሪያ ከረጢት ለቀሙት። ለሚቀጥለው ጭቃ ይወቀጣል። እኔ «ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ሄድኩ። የጀበናዎቹን ዋጋ አልከፈልኩም።

የተመለስኩት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ቦታው ላይ ሌላ ቤት ተሠርቷል። ገበያ ወጥቼ ጠየቅሁ። «ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ። አላውቅም። አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። የትምህርት ቤት ልጅ የሸክላ ሠሪን ስም የማይጠይቅበት ዘመን ነበር፤ ያንን ንቀት እኔም ተሸክሜው ኖሬአለሁ።

የዛሬ ልጆች መጀመሪያ የምትጠይቁኝ የማሽኑን ዋጋ ነው። ጭቃውን ሳትለውሱ ቪዲዮ ትቀርጻላችሁ። ይህ ያናድደኛል። ማሽን አያስፈልጋችሁም፤ ገልና ማለስለሻ ድንጋይ ይበቃል። እኔ ራሴ ግን ቤቴ ሁለት ማሽን አለኝ፣ ሲኒ ስሠራ በጣም እወዳቸዋለሁ። ለትልቅ ዕቃ ግን እጅ ይሻላል፤ በእጅ የተሠራ እንስራ ሆዱ ላይ የጣት ዳና ይታያል።

ዕቃችሁ መድረቁን በጉንጫችሁ ፈትሹት። የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውሃ አለው። ክረምት ላይ ለትልቅ ዕቃ ሦስት ሳምንትም ላይበቃ ይችላል። ስለ ማሟሸት አልነግራችሁም፤ እናቶቻችሁ ያውቁታል፣ ጠይቋቸው።

አንቺ ልጅ፣ ቅዳሜ ለጠየቅሽኝ፦ የተማርኩት በቱላ መንገድ ከነበሩ አንዲት እናት ነው።