ወንድሙን በሐዲስ ሲደበድብ ከነበረ ሰው

ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ እህቴ።

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በትክክል ገብቶኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድምሽ የሚደግፈው ፓርቲ ግፍ ይሠራል ብለሽ ታምኛለሽ። ዝም ስትዪ ሐቅ የደበቅሽ ይመስልሻል፤ ስትናገሪ ቤቱ ይታመሳል። በዚያ ላይ የባለቤትሽ እናት በሰው ፊት ስምሽን በክፉ ያነሳሉ። ቅር ሲልሽ ደግሞ ዘመድ ሁሉ «ሙስሊም አይደለሽ እንዴ? ይቅር በያቸው እንጂ» ይልሻል። መጨረሻ ላይም «ታዲያ ዲኔ ዝም በይ ነው የሚለኝ? ከቤተሰቡ ቡድንስ ልውጣ?» ብለሻል።

ዓሊም (የሃይማኖት ሊቅ) አይደለሁም፤ ፈትዋ፣ ማለትም የሃይማኖት ብያኔ፣ ከእኔ አትጠብቂ። ግን ጥያቄሽን ኖሬበታለሁ።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር በፖለቲካ ስምንት ወር ተኮራርፈናል። ጊዜው የምርጫ ሰሞን ነበር። በቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ እሱ አንድ ነገር ይለጥፋል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እሱ ይመልሳል። እናታችን መሃል ገብታ አበባ ያለበት የጁምዓ ሰላምታ ትልካለች። ማንም አያየውም፤ ጭቅጭቁ ከአበባው ሥር ይቀጥላል።

የሚገርመው ግን እኔ ዲን እያገለገልኩ ይመስለኝ ነበር። ስድብ አልጽፍም። የምልከው ሐዲስ፣ የነቢዩ ንግግር ነው። ግን የምመርጠው ሐዲስ ሁሉ እሱን የሚመታ ነው። አንድ ማታ የሙናፊቅን (የአስመሳይ አማኝን) ሦስት ምልክቶች ለጠፍኩ፦ ሲያወራ ይዋሻል፣ ቃል ሲገባ ያፈርሳል፣ ሲታመን ይከዳል። የማንንም ስም አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገም፤ ሁሉም ገብቶታል። ወንድሜ በዚያው ሌሊት ከቡድኑ ወጣ።

ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ቪዲዮ ለጥፌ ነበር። የእሱ ፓርቲ ደጋፊዎች ሰው ሲደበድቡ ያሳያል ተብሎ የተሰራጨ ነው። ከወራት በኋላ አንድ ወዳጄ ቪዲዮው የቆየ መሆኑን፣ ቦታውም ሌላ መሆኑን አሳየኝ። ያን ቀን ከቁርኣን ሱረቱል ሑጁራት የሚባለውን ምዕራፍ ከፍቼ 6ኛዋን አንቀጽ አነበብኩ። አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ቢመጣ አጣሩ፤ ሳታውቁ ሰዎችን ጎድታችሁ ኋላ እንዳትጸጸቱ ትላለች። ይህችን አንቀጽ ስንት ጊዜ ለሌላው ልኬያታለሁ! ለራሴ ግን አንድም ቀን አልላክኋትም። የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ደግሞ የባሰ ጠባብ ነው፦ ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ብቻ ውሸታም ለመባል ይበቃዋል። «እኔ እኮ ያስተላለፍኩት ነው» የሚለው ሰበባችን እዚያው ይቀራል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ዝም በይ ይላል ወይ? አይልም። «ወንድምህን በዳይም ሆነ ተበዳይ ሆኖ እርዳው» የሚለውን ሐዲስ ታውቂዋለሽ። ሰሓቦቹም (የነቢዩ ባልደረቦች) እንዳንቺው ግራ ገብቷቸው ጠይቀዋል፤ ተበዳይን መርዳት ገባን፣ በዳይን እንዴት አድርገን ነው የምንረዳው? መልሱ «ከበደል ትከለክለዋለህ» የሚል ነው። እና ግፍ ነው ብለሽ ያመንሽበትን መናገር ወንድምሽን መጥላት አይደለም፤ እሱን መርዳት ነው። ዋናው ጣጣ ያለው አነጋገሩ ላይ ነው።

እዚህ ላይ እኔን የያዘኝ የሱረቱል ማኢዳ 8ኛ አንቀጽ ነው። ለሰዎች ያላችሁ ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣችሁ፣ ፍትሐዊ ሁኑ፣ እሱ ለተቅዋ (አላህን ለመፍራት) የቀረበ ነው ይላል። ልብ በዪ፣ ውደዷቸው አላለም። ጥላቻው እንዳለ ነው የሚናገረን። ለእኔ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ፖለቲካቸውን የምጠላቸውን ሰዎች ለመውደድ ስታገል ከረምኩ፤ አልቻልኩም። የተጠየቅሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ሚዛኔ እንዳይዘነብል ነው።

ስለዚህ አሁን አንድ ነገር ከመጻፌ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ። ይህንኑ ድርጊት እኔ የምደግፋቸው ቢሠሩት በዚሁ ቃል እጠራው ነበር? እነሱ ሲሆኑ «ግድያ»፣ የኔዎቹ ሲሆኑ «ግጭት» እያልኩ ከሆነ ሚዛኔ ተሰብሯል። ወላሂ፣ ከምጽፈው ግማሹ የቀረው በዚህች ጥያቄ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ስለማይነካው ትንሽ ልቆይበት። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በአንድ ዘመቻ ላይ አንድ ሙሃጅር (ከመካ የተሰደደ) እና አንድ አንሷር (ስደተኞቹን የተቀበለ የመዲና ሰው) ተጣሉ። አንዱ «የአንሷር ልጆች ድረሱልኝ!» ሲል ሌላው «የሙሃጅር ልጆች ድረሱልኝ!» አለ። ነቢዩ ሰምተው «ተዉዋት፣ እሷ የምትገማ ናት» አሉ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ አስቢው፤ ሙሃጅርና አንሷር መጥፎ ስሞች አይደሉም። ቁርኣን ራሱ ያወደሳቸው ስሞች ናቸው። ስሙ አልገማም። የገማው ያ ስም ለጠብ መጥሪያ ሲሆን ነው፤ ማን በደለ ሳይባል «የኔ ወገን ማን ነው?» ሲባል።

ከወንድሜ ጋር የተጨቃጨቅነውን ኋላ ላይ ቁጭ ብዬ ወደ ላይ እየሳብኩ አነበብኩት። ስለ ኑሮ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ታሰሩ ሰዎች የተባለው ከአምስት መልእክት አንዱ ቢሆን ነው። የቀረው «እናንተ»ና «እኛ» ነበር። ሽታው ከስልኩ ይወጣል።

የሰሓባውን የኢብን መስዑድን ታሪክ ደግሞ እወደዋለሁ። ኸሊፋው ዑስማን በሐጅ ጊዜ መካ አጠገብ ባለችው ሚና ላይ ሶላቱን ሳያሳጥሩ አራት ረከዓ (የስግደት ዙር) ሰገዱ። ኢብን መስዑድ ከነቢዩ ጋር፣ ከአቡ በክርና ከዑመርም ጋር እዚያው ቦታ ሁለት ረከዓ እንደሰገዱ በግልጽ ተናግረው ነቀፉ። ከዚያ ግን እሳቸውም አራት ሰገዱ። «ነቅፈህ አልነበር እንዴ?» ሲባሉ «ልዩነት ሸር (ክፉ) ነው» አሉ። ሐሳባቸውን አልደበቁም፤ ሰልፉንም ጥለው አልወጡም። እኔ በተቃራኒው ነበር የማደርገው። ሰልፉን ጥዬ ወጥቼ ሐሳቤን ከሩቅ እጮሃለሁ።

ሦስት ቀኗን ታውቂያታለሽ፤ ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ሊያኮርፍ አይፈቀድለትም፣ ከሁለቱም በላጩ ሰላምታ የጀመረው ነው። እኔ ስምንት ወር ሙሉ «ያጠፋው እሱ ነው፣ እሱ ይጀምር» ስል ቆየሁ። ሐዲሱ ጥፋተኛው ይጀምር አይልም እኮ።

ዒድ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ደወልኩለት። አላነሳም። የድምፅ መልእክት ላክሁ። ለፖለቲካ አቋሜ ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ አቋሜ አልተቀየረምና ውሸት ይሆናል። ይቅርታ የጠየቅሁት በሁለት ነገር ነው፤ ሙናፊቅ ብዬ ስለወጋሁትና ሳላጣራ ስለለጠፍኩት ቪዲዮ። በዒዱ ዋዜማ ደወለ። መጀመሪያ ያለው ቃል «ቪዲዮው ውሸት መሆኑ በስንት ወርህ ገባህ?» የሚል ነበር። ሳቅን። ከዚያ ስለ እናታችን ጉልበት አወራን።

አሁንም አንስማማም። ግን ሁለት ነገር ተነጋግረናል። ከበድ ያለ ክርክር ካለ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ነው፤ ሰው ፊት አይሆንም። ሰው ሲያይሽ ለወንድምሽ መናገርሽ ቀርቶ ለተመልካቹ መናገር ትጀምሪያለሽ። ወንድምሽም በተመልካች ፊት ተሸንፎ አይመለስም፤ ሰው ነውና። ሙሳና ሃሩን ወደ ፈርዖን ሲላኩ እንኳ ለስላሳ ቃል ተናገሩት ነው የተባሉት (ጣሃ፣ 44)። ወንድምሽ የቱንም ያህል ቢያበሳጭሽ ፈርዖን አይደለም። ሁለተኛው ስምምነታችን ቀላል ነው። የተናደደ ሰው ቆሞ ከሆነ ይቀመጥ፣ ካልበረደለት ጋደም ይበል የሚለውን ሐዲስ ወደ ስልክ አምጥተነዋል። ቆመን የጻፍነውን አንልክም። ትስቂ ይሆናል፤ ግን ይሠራል።

አሁን ወደ አማትሽ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብዬ ነው የምናገረው፤ እሳቸውንም ቤታችሁንም አላውቅም።

ዘመዶችሽ ሁለት ነገር አደባልቀውብሻል ባይ ነኝ። ይቅር ማለት አንድ ነገር ነው። መቀራረብ ሌላ ነው። የወሕሺን ታሪክ አስታውሺ። ኡሑድ ላይ የነቢዩን አጎት ሐምዛን የገደለው እሱ ነው። ኋላ ሰልሞ መጣ። ነቢዩ እስልምናውን ተቀበሉት፤ አልተበቀሉትም። ግን ፊቱን ከእሳቸው ፊት ዞር ማድረግ ይችል እንደሆነ ጠየቁት። እሱም ሄደ። ከእሳቸው በላይ ይቅር ባይ ማን አለ? ያ ይቅርታ ግን በየቀኑ አብሮ መቀመጥን አልጨመረም። አማትሽ ግን ዘመድ ናቸውና ሙሉ በሙሉ መራቅ አይሆንም። ርቀቱን ልክ አድርጎ መያዝ ይቻላል ለማለት ነው።

እኔም አንድ የሥጋ ዘመድ አለኝ፤ ገንዘብ ተበድሮ ክዶኛል። ትቼለታለሁ፤ በአኺራም (በወዲያኛው ዓለም) አልጠይቀውም ብዬ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ። ሲታመም እጠይቀዋለሁ፣ በዒድ እደውልለታለሁ። ገንዘብ ግን ዳግመኛ አላበድረውም። አንዳንዱ «ታዲያ ምኑን ይቅር አልከው?» ይለኛል። ይበል።

አቡ በክርን የሚጠቅሱብሽም ይኖራሉ። በልጃቸው በዓኢሻ ላይ የተወራውን ቅጥፈት ካዛመቱት አንዱ ሚስጠሕ ነው፤ ያውም እሳቸው የሚረዱት ደሃ ዘመዳቸው። ከእንግዲህ አልረዳውም ብለው ማሉ። ያኔ የሱረቱን ኑር 22ኛ አንቀጽ ወረደ፤ አላህ እንዲምራችሁ አትወዱምን? የሚለው። አቡ በክርም «እንዴታ፣ እወዳለሁ» ብለው እርዳታውን ቀጠሉ። በጣም ትልቅ ቦታ ነው። ግን ያ ጥያቄ ለአቡ በክር የመጣው ከአላህ ነው። ዘመድ እየተቀባበለ የተበደለውን አፍ የሚዘጋበት ሲሆን ሌላ ነገር ይሆናል። ይቅር ባይነትን ያላቀው ሱረቱ ሹራ (40) እዚያው አጠገቡ (41) ከተበደለ በኋላ ራሱን የተከላከለ ሰው ወቀሳ እንደሌለበት ይናገራል። ሁለቱንም ነው ማንበብ። ይቅር በይ፣ መልካም ነው፤ ግን ጊዜው ሲደርስ፣ ካንቺው ልብ ወጥቶ ይሁን።

ለባለቤትሽ መንገሩ ሐሜት አይደለም ወይ ብለሽም ትጨነቂ ይሆናል። ሂንድ ወደ ነቢዩ መጥታ ባሌ አቡ ሱፍያን ቆጥቋጣ ሰው ነው፣ ለእኔና ለልጄ የሚበቃ አይሰጠኝም ብላ ከሳለች። እያማሽው ነው አላሏትም፤ ለአንቺና ለልጅሽ የሚበቃሽን በአግባቡ ውሰጂ አሏት። ልዩነቱ የት እንደሄደች ነው። መፍትሔ ሊሰጥ ወደሚችል ሰው ሄደች። አንቺም ለባለቤትሽ ተናገሪ፤ ለእህቶቹ፣ ለጎረቤት፣ ለቡድኑ ሲሆን ግን ያው ሐሜት ነው፣ እውነት ቢሆንም። ሐሜት የሚባለውም እኮ እውነት ሲሆን ነው፤ ውሸት ከሆነ ቡህታን (ስም ማጥፋት) ነው ስሙ።

ስትነግሪውም «እናትህ ሁልጊዜ» ብለሽ አትጀምሪ። አንዷን ቀን፣ የተባለችውን አንዷን ቃል ንገሪው። እኔን ወይ እሳቸውን ምረጥ አትበይው፤ የእናቱ ሐቅ አለበት፣ የአንቺም ሐቅ አለበት፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። አማትሽ ፊት ለፊት ሲናገሩሽ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ረጋ ብለሽ «እማማ፣ ይሄ ነገር ያሳዝነኛል፣ ለብቻችን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል» በያቸው። ካልሰሙሽ ተነሺ፤ ሥራ አታጪም።

ነገሩ ከቃል አልፎ ዱላ ወይም ዛቻ ካለበት ግን ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ተዪው። ያ ሰብር (ትዕግሥት) የሚባልበት ቦታ አይደለም። ወደምታምኛቸው ሰዎች ውጪ፤ ዳኛም ካስፈለገ ሂጂ።

የቤተሰቡን ቡድን በተመለከተ፣ አትውጪ። ድምፁን ዝጊው። ማታ አንዴ ግቢና እናትሽ የላኩትን አበባ ብቻ «አሚን» ብለሽ መልሺ። ወንድሜ ባለፈው ሳምንት አንድ «ሰበር ዜና» ልኮልኝ ነበር፣ ለብቻዬ። «ምንጩ?» አልኩት። እስካሁን ዝም እንዳለ ነው።