ሜፕል ሰበታ ላይ ይበቅላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሰበታ ነው የምኖረው፣ ከሱባ ጫካ ብዙም አልርቅም። ሚኒሶታ ያለችው ልጄ ለፋሲካ ስትመጣ ክንፍ ያለው የዛፍ ዘር በሶፍት ጠቅልላ አመጣችልኝ፣ ሜፕል ነው አለች፣ ፎቶውን ሳየው ጫካው በሙሉ ቀልቷል፣ ፍም ነው የሚመስለው። ግቢዬ ብተክለው ይይዛል? ደሞ እዛ አገር የምድር ትል ጫካ ይጎዳል ብላኝ አላመንኳትም፣ እኛ ጋ ትል ያለበት አፈር እኮ ነው ጥሩ የሚባለው።

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። ያ አገር ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በበረዶ ግግር ስር ነበር፣ በረዶው ሲቀልጥ ጫካው ያለ ምድር ትል ነው ያደገው፣ ስለዚህ የረገፈው ቅጠል ቶሎ ሳይበሰብስ ዓመት በዓመት እየተደራረበ ፍራሽ ይሆናል፣ የሜፕል ችግኝም ትሪሊየም የምትባለው ባለ 3 ቅጠል ነጭ አበባም ስር የሚሰዱት እሱ ላይ ነው። ትሉን ከአውሮፓ የመጡ ሰፋሪዎች ከተክልና ከአፈር ጋር አስገቡት፣ አሳ አጥማጆችም ከመንጠቆ የተረፋቸውን እዛው ይደፉታል፣ ትሉ ፍራሹን በልቶ ይጨርስና መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ትሪሊየም ደሞ ከዘር ተነስታ እስክታብብ 7 ዓመትና ከዛም በላይ ይፈጅባታል፣ ዘሯን የሚያጓጉዝላትም ጉንዳን ነው፣ አንዴ ከጠፋች በቀላሉ አትመለስም፣ በጣም ያሳዝናል።

ዘሩን ግን አይትከሉት። አብዛኛው የሜፕል ዓይነት ለመብቀል ወራት የሚቆይ ብርድ ይፈልጋል፣ የሰበታ ውርጭ አይበቃውም፣ ደሞ ዘር ያለ ኳራንቲን ወረቀት፣ ማለትም በሽታና ተባይ እንደሌለበት ከሚያረጋግጥ ወረቀት ውጪ፣ በሻንጣ ማስገባት ልክ አይደለም፣ ያቃጥሉት።

ይልቅ የሚገርመው፣ እዛ ከሜፕል ጋር የሚኖር ኦክ የሚባል ዛፍ አለ፣ ብርሃን ወዳድ ነው። ድሮ እሳት በየጊዜው ከስሩ የሚበቅለውን ስለሚጠርግለት፣ ልጡ ወፍራም የሆነው ኦክ ሲተርፍ ልጡ ቀጭን የሆነው ሜፕል ይሞት ነበር፣ እሳቱ ከቆመ ወዲህ በትልልቁ ኦክ ስር የሚያድገው ጥላ የሚችለው ሜፕል ሆነ። ሱባ ሲገቡ እርሶም ጎንበስ ብለው ይዩ፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ተተከለ ከሚባለው ከሀበሻ ጥድ ስር የራሱ ልጆች ብዙም አይታዩም፣ ጥድ ጥላ አይወድማ! ወይራና ዝግባ ግን በልጅነታቸው ጥላ ይችላሉ።

ስለዚህ ግቢው ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ ሐምሌ ላይ መሬቱ በደንብ ሲርስ የሀበሻ ጥድ ይትከሉ፣ ከፍ ሲል በጥላው ስር ዝግባ ያስገቡ፣ ብቻ ፍየል እንዳይደርስበት በደንብ አጥር ይስሩለት።