ከመድኃኒቱ በፊት ሰውነቱን አስሉ

በቂሊንጦና በቱሉ ዲምቱ ለምትማሩ፣ የመድኃኒትን ሥራ በቀመር ማስላት ለጀመራችሁ ልጆቼ፦

ሥራችሁን ሳይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ኮምፒውተሩን እንደከፈታችሁ መጀመሪያ የምታስገቡት የመድኃኒቱን መጠን ነው። እባካችሁ፣ በቅድሚያ መድኃኒት ያልነካውን ሰው አስሉት። ሰውነቱ መድኃኒቱ የሚነካውን ንጥረ ነገር ምን ያህል ያመርታል? የተመረተውስ በምን ፍጥነት ይወገዳል? ሁለቱ ሲመጣጠኑ መጠኑ ባለበት ይቆያል። መድኃኒቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወይ ምርቱን ወይ መወገዱን ይገታል፣ አለዚያም ያፋጥናል። ተመራማሪዎቹ ዳይኔካ፣ ጋርግና ጁስኮ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት አራቱ ሞዴሎች መነሻቸው ይኸው ነው።

ደም የሚያቀጥነውን ክኒን ዋርፋሪንን እንይ። ከተዋጠ በጥቂት ሰዓታት ደም ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ደሙ ግን በዚያው ቀን አይቀጥንም። መድኃኒቱ ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚሠራቸውን ደም አርጊ ፕሮቲኖች አዲስ ምርት ይገታል እንጂ ቀድሞ የተሠራውን አይነካም። እኛ ሰፈር ውኃ ሲቋረጥ ሮቶው ወዲያው አይደርቅም፤ የሚደርቅበትን ጊዜ የሚወስነው የቤቱ ፍጆታ ነው። ከእነዚህ ፕሮቲኖች ፋክተር 7 የሚባለው በ6 ሰዓት ገደማ በግማሽ ሲቀንስ ፕሮትሮምቢን የሚባለው ግን ከ2 ቀን በላይ ይፈጅበታል። አይ ኤን አር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ልኬት) በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ያለው በፋክተር 7 መውረድ ነው፤ ፕሮትሮምቢኑ ገና አለ፣ ታካሚውም ከመርጋት ገና አልዳነም። ደም የረጋበት ሰው ዋርፋሪን ሲጀምር በመርፌ የሚሰጠውና ፈጥኖ የሚሠራው ሄፓሪን ቢያንስ ለ5 ቀን አብሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ይህን መዘግየት ያልያዘ ሞዴል፣ መስመሩ በልኬት ነጥቦቹ ላይ አምሮ ቢያልፍም፣ እኔ አላምነውም።

የሰዎቹን ኑሮም አትርሱ። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ሜካኒካል (ሰው ሠራሽ) የልብ ቫልቭ የገባላቸው ወጣቶች ዋርፋሪንን ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። ጾም ሲገባ ገበታው ላይ ጎመን ይበዛል፤ ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው። ክኒኑ ሳይቀየር አይ ኤን አር ሊወርድ ይችላል። ይህ በቀመራችሁ ውስጥ በምርት በኩል ቦታ ይሰጠው እንጂ እንደ ስህተት አይጣል። ምን እንደበሉ ጠይቋቸው።

ከሱሉልታ ወይም ከሰንዳፋ ለምርመራ የሚመላለስ ታካሚ ደሙን በየቀኑ አያሰጥም፤ ልኬቶቻችሁ ይራራቃሉ። ከተራራቀ ልኬት ሁሉንም ቁጥር ለማውጣት አትታገሉ። የመወገዱን ፍጥነት በጥናት ከታወቀው ወስዳችሁ አጽኑት፤ ከታካሚው የምትፈልጉት የመድኃኒቱን ኃይል ብቻ ይሁን። ነርሶቹንም ክኒኑ የተዋጠበትንና ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት ለየብቻ እንዲጽፉላችሁ በአክብሮት ለምኗቸው።