ዓሣ ዓሣ የሚሸት ስንዴ

ጥያቄ፦ ለዘር ያስቀመጥኩት ስንዴ ውስጥ ጠቆር ያሉ ፍሬዎች አየሁ። በጥፍሬ ስጫናቸው ጥቁር ዱቄት ይተፋሉ። ሽታቸው የዓሣ ነው። ምን ይሆን? (ገበሬ፣ ከአርሲ)

መልስ፦ አፍንጫዎ ግማሹን ሥራ ጨርሶልናል። ሽታው ትራይሜቲልአሚን ከሚባል ጋዝ ነው፤ አረማሞ የሚባለው የስንዴ የፈንገስ በሽታ ይመስለኛል። ቀሪው የማይክሮስኮፕ ሥራ ነው። እኛ ላብራቶሪ ዘሩን ውሃና ትንሽ ሳሙና ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተን እንንጠዋለን። እጣቢውን በሴንትሪፊውጅ እናሽከረክራለን። ከዝቃጩ አንድ ጠብታ ወስደን 400 ጊዜ አጉልተን እናያለን። ክብ ስፖሮች፣ ማለትም ጥቁሩ ዱቄት የተሠራባቸው የፈንገሱ ጥቃቅን ዘሮች፣ ይታያሉ። ላያቸው መረብ የለበሰ ከመሰለ ቲሌሺያ ካሪስ፣ ልሙጥ ከሆነ ቲሌሺያ ሌቪስ ነው፤ ሁለቱም አረማሞ የሚያመጡ ፈንገሶች ናቸው። እኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የአየር አረፋ ስፖር ብዬ ቆጥሬ መሳቂያ ሆኛለሁ!

ጥቁሮቹን ለቅሜ ጥዬ ቀሪውን ልዝራ እንዳይሉ። ዱቄቱ ደህና በሚመስለው ፍሬ ላይም ይለጠፋል፣ በተለይ ጫፉ ላይ ባለው ጸጉርና በስንጥቁ ውስጥ። ዘሩ ሲበቅል ፈንገሱም አብሮ ይነሳል። የሚቻል ከሆነ ሌላ ንጹህ ዘር ይፈልጉ። ካልሆነ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይታሽ። የታሸው ለምግብም ለከብትም አይሆንም፤ ልጆች እንዳይነኩት።